ቤንዚን የሚፈራ መካኒክ አባይ ማዶ አገኘሁ

መኪናዬ አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ኋላዋ ላይ አልጋና ትንሽ ቡታጋዝ ገጥሜላት ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር አድርባታለሁ። በቀደም ከጢስ አባይ ስመለስ ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ጀመር። መስኮት ከፍቼ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳኋት። ቂልነት ነው። የዚች መኪና ሞተር ኋላ ነው፣ ታንከሩም እዚያው ሞተሩ አጠገብ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቱቦ ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ ፖምፓም ሳይፈልግ በራሱ ይወርዳል፣ የሚወርደው ደግሞ የጋለ ሞተር ላይ ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ጋራዥ ስሙ ይቅር። ልጁ ቤንዚኑን በአፉ ሳበው። ትን አለው፣ «ወተት አምጡለት!» ተባለ። ወተት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም፤ የቤንዚን ክፋቱ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ነው፣ እንዲያስታውክ ማድረግም ያብሰዋል፣ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። ደግነቱ ልጁ ተረፈ። ለእኔ ግን ነጭ የውሃ ቱቦ ገጥሞ ሸኘኝ። በአስር ቀኑ ቱቦው ደርቆ ማላብ ጀመረ።

ከዚያ አባይ ማዶ ያለውን ሰውዬ ጠቆሙኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ወረፋው እንዳይበዛበት። ገና ሽታውን ሲሰማ ወደ መኪናዋ አልመጣም፣ ወደ ቡና አፍይዋ ዞረ። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ከሰሉ ከግቢ ይውጣልኝ።» ቡናው ሁለተኛ ላይ ነበር፣ ሁሉም ሰው አጉረመረመ። መኪናዋንም ጉድጓዱ ላይ አላወጣትም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል፣ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ይበቃዋል። ደጅ አቆማት፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፣ እሳት ማጥፊያውን አጠገቡ አስቀመጠ። ቤንዚኑን በእጅ ፖምፓ ወደ ብረት ጀሪካን ቀዳው።

የድሮዎቹ ቱቦዎች ላያቸው በጥጥ ክር የተሸፈነ ስለሆነ ለዓይን ደህና ይመስላሉ። አንዱን ጎንበስ ሲያደርገው ውስጡ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ስለዚህ የሚያፈሰውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቀየረው፣ የመሙያውን አንገትና ከላይ ያሉትን ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ጭምር። የገጠመው ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል የደረጃ ጽሑፍ ያለበትን፣ ቤንዚን እንዲችል የተሠራ የነዳጅ ቱቦ ነው። ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን የፕላስቲክ ፊልትሮ ከሞተሩ ክፍል አወጣው። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የነሐስ መግቢያ ቧንቧ በጣቱ ሲነቀንቃት ተነቃነቀች! ተጨምቃ የገባች እንጂ ብሎን የላትም፣ ብትወልቅ ቤንዚን ሞተሩ ላይ ይረጫል። አጥብቆ መለሳት።

ታንከሩን በየዳ ይዘጋልኝ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ባዶው ነው የሚፈነዳው።» ውስጡ የቀረው ትነት ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ነቀፌታው። «ነገ ውሰዳት» ብሎኝ አራት ቀን ቆየች፤ ቱቦው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ። ስልክ አያነሳም። ደረሰኝ የለም። ዋጋው ከመጀመሪያው ጋራዥ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ተከራክሬም አንድ ብር አልቀነሰም። ደግሞም ይቆጣል። አልጋው ስር በሃይላንድ ያስቀመጥኩትን ቤንዚን ሲያይ እንደ ልጅ ገሰጸኝ። ነዳጅ ሲጠፋ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር፣ መልስ አጣሁ።

ሲጨርስ ሞተሩን አስነስቶ ሃያ ደቂቃ ያህል በባትሪ መብራት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ አየ። የቡታጋዙንም ጎማ ሳይጠየቅ በሳሙና አረፋ ፈተሸልኝ፣ ለዚህ አላስከፈለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ በዘጌ በኩል ሐይቁ ዳር አደርኩ። ጠዋት እንደተነሳሁ መኪናዋ ስር አጎንብሼ አሸተትኩ። ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ሌላ ነገር የለም።