በረኪና ለኮምፒውተር፦ ብሊችቢትን በሱቄ ሞከርኩት

ባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቹ አራት ናቸው። ተማሪውም ዲቪ የሚሞላውም እየተፈራረቀ ይቀመጥባቸዋል።

ዲቪ በተከፈተ ሰሞን አንዲት ልጅ ጂሜይል ከፈተች። «ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አለችኝ። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ሳይወጣ ነው የተነሳው። ደብዳቤው ሁሉ ተዘርግፏል፣ የመታወቂያው ፎቶ ሳይቀር። በጣም አፈርኩ። ሰው እኮ አምኖኝ ነው የሚገባው።

ይህን የሚያደርገው ኩኪ ነው፤ ድረ ገጹ ብራውዘራችሁ (ኢንተርኔት የምትከፍቱበት ፕሮግራም) ውስጥ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል። በ1994 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በተባለ ብራውዘር ሠሪ ኩባንያ ውስጥ ሉ ሞንቱሊ የተባለ ፕሮግራመር ሲፈጥረው፣ ድረ ገጹ ደንበኛውን እንዲያስታውስ ብሎ ነበር። በኋላ ግን ማስታወቂያ ነጋዴዎች የራሳቸውን ኩኪ በየገጹ እያስቀመጡ ሰውን ከገጽ ገጽ መከተል ጀመሩ። እንደኔ ቤት ባለ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ፣ አንዱ ስለ ሕመሙ የፈለገው ነገር ለቀጣዩ ሰው በማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል።

ያን ማታ ብሊችቢትን ጫንኩ፤ ኩኪና የመሳሰለውን ከኮምፒውተር የሚያጸዳ ፕሮግራም ነው። ስሙ «ብሊች» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከበረኪና የመጣ ነው። ነጻ ነው፣ የተጻፈበት ኮድም ማንም እንዲያየው ክፍት ነው፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ ይሠራል። ደስ ያለኝ ከመሰረዙ በፊት ምን እንደሚሰርዝ ዘርዝሮ ማሳየቱ ነው። የአንዱን ኮምፒውተር ዝርዝር ሳይ ወደ ታች ብወርድ ብወርድ አያልቅም! ብራውዘሩን መጀመሪያ ዝጉት። ቤታችሁ ከሆነ ፓስወርድ የሚለው ላይ ምልክት አታድርጉ፤ ያስቀመጣችሁትን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ያልወደድኩለት፣ የተሰረዘ ፋይል ዳግም እንዳይገኝ የዲስኩን ባዶ ቦታ የሚደመስሰውን ክፍል ነው። ጠዋት ጀምሬው እስከ ምሳ አላለቀም፣ ከዚያ መብራት ሄደ። ለኩኪ ብላችሁ ከሆነ አያስፈልጋችሁም፣ ተዉት።

ለቤት ኮምፒውተር ፋይርፎክስ የሚባለው ብራውዘር ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየድረ ገጹን ኩኪ ለየብቻ ያስቀምጣል፣ አንዱ የሌላውን አያይም። የአይፒ አድራሻችሁን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምትታወቁበትን ቁጥር ግን ብሊችቢትም ፋይርፎክስም አይደብቁም።

እኔ ቤት አሁን ደንበኛ በተነሳ ቁጥር ይጸዳል። ባለፈው አንዲት እናት በር ላይ ደርሰው ተመለሱ። «የኔንም አጠፋህልኝ ልጄ?» አሉኝ። አጠገቤ አስቀምጬ ዝርዝሩን አሳየኋቸው።