ስታዲየም አካባቢ ያለው የውስጥ ደዌ ክሊኒክ፦ ከአምስት አራት ኮከብ

አንዷን ኮከብ ያስቀረሁት በእንግዳ መቀበያው ምክንያት ነው፤ እደርስበታለሁ። የክሊኒኩን ስም ግን እዚህ አልጽፍም። የማወራው ስለ ወንድሜ ስለሆነ ማንም ካርዱን ከዚህ ጽሑፍ ጋር እንዲያገናኝብኝ አልፈልግም። የቸገረው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም አለበት። ከዩኒቨርሲቲ ጊዜው ጀምሮ መድኃኒት ይወስዳል፤ አሁን ኦላንዛፒን ላይ ነው። ከተረጋጋ ቆይቷል። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ይለብሳል፣ የአርሴናል ጨዋታ አያመልጠውም።

ክረምት ላይ ውኃ መጠጣት አበዛ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አልጋው ሥር ደርድሮ ይተኛል፤ ሲነጋ ሁሉም ባዶ ነው። ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለስ ቤተሰቡ በሙሉ ይነቃል። ቀበቶው ሰፍቶት በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳበት። አንድ ትልቅ የግል ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ የሚወስደውን መድኃኒት ሲሰማ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ በኋላ ወንድሜን አላየውም። "ከሕመሙ ነው። እንደዚህ ዓይነት ታካሚዎች ውኃ ያበዛሉ፣ መድኃኒቱም አፍ ያደርቃል" አለኝ። ልብ በሉ፣ ሰውዬው አልዋሸም። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ያለ መጠን ውኃ ይጠጣሉ፤ አፍ የሚያደርቁ መድኃኒቶችም አሉ። ግን ጣት ወግቶ ስኳር ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የእንቅልፍ ኪኒን ጽፎ ሸኘን።

ስታዲየም ወዳለው ክሊኒክ የላከችን የሠፈራችን ፋርማሲስት ናት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን አሳምሮታል፣ ታክሲ የሚያወርድበትን ቦታ ግን ስላራቀው ትንሽ በእግር ትሄዳላችሁ።

ሲስተሯ መዘነችው፣ ግፊቱን ለካች፣ የወገቡን ዙሪያ በሜትር ያዘች። ከዚያ "ምንህን ነው ያመመህ?" አለችው። እኔ እንደ ልማዴ አፌን ስከፍት "እህቴ፣ ቆይ፣ እሱ ይንገረኝ" አለችኝ። ወንድሜ ሲያወራ ቀስ ይላል። ተጠይቆ እስኪመልስ ድረስ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችው። "ሌሊት ሌሊት ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል" አላት። አብረን እየኖርን እኔ እንኳ ይህን ሰምቼው አላውቅም። ለአራት ኮከቡ ምክንያት ፈልጊ ብትሉኝ ይቺን ነው የምጠራው።

ጣቱን ወጋችው፤ መሣሪያው 318 አለ። ቁርስ በልቶ ነበር፤ ቢሆንም ጥማቱና ሽንቱ እያለ ከ200 በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ሳይበሉ ሲለካ ደግሞ መስመሩ 126 ነው።

ዶክተሯ ጠና ያለች ሴት ናት። ካልሲውን አስወልቃ ውስጥ እግሩን በቀጭን የናይለን ክር እየነካካች "ይሰማሃል? እዚህስ?" ትለዋለች። መድኃኒቶቹን ከነፌስታላቸው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። ኦላንዛፒን ክብደትና ስኳር ሊጨምር እንደሚችል፣ ስለዚህም መድኃኒቱ ሲጀመር፣ ከሦስት ወር በኋላና ከዚያ ወዲህ ቢያንስ በዓመት አንዴ ስኳር መታየት እንዳለበት የነገረችው ለእሱ ነው። እኔ ደንግጬ "ታዲያ ይቁም?" አልኩ። "በገዛ እጃችሁ እንዳታቆሙት! ስኳሩን እኛ እንይዘዋለን። መቀየር ካለበት የሚቀይረው የአእምሮ ሐኪሙ ነው" አለች። ለሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከመስጠቷ በፊት ለወንድሜ አነበበችለት።

ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ጀምሮ ስኳሩ ወርዷል። ሌሊት የሚነቃም የለም። እናቴ ጠበል ትወስደዋለች፤ ዶክተሯ ያንን አልነካችም። "ጠበል ስትሄድ ኪኒንህን እንዳትረሳ፣ ጾም ሲገባ ደግሞ አስቀድመህ ንገረኝ" ብቻ ነው ያለችው። እናቴ እስካሁን ትመርቃታለች።

ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶበት እንደሆነም፣ ሲጋራና ጫት ይጠቀም እንደሆነም ጠይቃዋለች። ያኔ ሳሉ ምን አገባው ብዬ ነበር። በኋላ ሳነብ ገባኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። በአብዛኛው የሚገድላቸው ደግሞ መከላከል የሚቻል የአካል በሽታ ነው። ቡታጅራ ላይ ለ10 ዓመት በተደረገ ክትትል ደግሞ ልዩነቱ ወደ 30 ዓመት ይጠጋል፤ ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነው። እኛ ቤት ሁላችንም የምንጠብቀው "መድኃኒቱን ዋጠ ወይ?" የሚለውን ነበር። ሳል፣ ጥርስ፣ እግር ማንም አይጠይቅም።

አሁን ወደ እንግዳ መቀበያው። ቴሌቪዥኑ ጆሮ ይበጥሳል። ቀንሱልን ስላቸው "ደንበኞች ያያሉ" አሉኝ፤ አንድም የሚያይ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ጫጫታ ስለማይችል ደረጃው ላይ ቆሞ ነው ተራውን የጠበቀው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደግሞ ፋይሉን አንስታ "የአእምሮ ታካሚው የቱ ነው?" ብላ በሰው ፊት ተጣራች። ሁሉም ዞረ። የሰው ስም እጇ ላይ ተጽፎ እያለ! ሄጄ ነገርኳት። "ይቅርታ" አለች፤ ግን ፊቷ ላይ ምን እንዳጠፋች የገባት አይመስልም። ውስጥ ያሉት እንዲህ ጥሩ ሆነው ደጁ ላይ ይህ መኖሩ ያናድዳል። ለዶክተሯም ተናግሬያለሁ።

ዋጋው መካከለኛ ነው፤ ካርድ 400 ብር ከፍያለሁ። የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ እዚያ አይሠሩም፤ ደሙን ወደ ውጭ ልከው ውጤቱ በማግሥቱ ይመጣል። በስልክ ቀጠሮ አይቀበሉም። ሕመምተኛው የሚውጠውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ቁርስ ሳይበላ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ከደረሳችሁ ከ4 ሰዓት በፊት ትጨርሳላችሁ። ቅዳሜ ግን ይቅርባችሁ፤ ወረፋው እስከ ደረጃው ነው፣ ዶክተሯም አትገባም።