የጀማሪ ንባብ ስልጠናው ለአንደኛ ክፍል መምህር ያዋጣል?

መጀመሪያ ስለ አበሉ ልናገር። ስልጠና ሄጄ ነበር ስላችሁ ቀድማችሁ የምትጠይቁኝ እሱን ነውና። አበሉ ዘግይቶ ነው የገባው፤ ያውም ተደዋውለን፣ ፎርም ድጋሚ ሞልተን። ሻይ ቡናው ደህና ነበር። አዳራሹ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው አያሰማም። ይኼን ካወራረድን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

የማስተምረው አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ክፍል፣ አማርኛ። ልጆችን ንባብ እንዴት እንደምናስጀምር የሚያሳየን ይኼ ስልጠና ክረምት ላይ በጉድኝት ማዕከላችን (አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚገናኙበት) የተሰጠ ሲሆን አዘጋጁ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነው። ክፍያ የለውም። ሰዓቱም ለተሙማ (ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ይያዛል፤ በዓመት ከምንጠየቀው 60 ሰዓት ላይ ጥሩ አድርጎ ያቃልላል። ተሙማ ማለት ፋይል ማሳመርና ማስፈረም ለሆነባችሁ፣ ይኼኛው ከዚያ ይለያል።

የዚህ ዓይነት ስልጠና ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን እናውቃለን። በ2010 እ.ኤ.አ. በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶዎቹ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ቁጥሩ ሲታይ «እኛ ጋ እንኳ አይደለም» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። እኔ ጋ ግን ነው። ገበታው ላይ ሎን ጠቁማችሁ «ይቺ ማን ናት?» ብትሉት፣ ከለ ተነስቶ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ ሎ ላይ የሚደርስ ልጅ ሞልቷል። ሎን ብቻዋን ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ አያውቃትም። የያዘው ዜማውን ነው።

ከስልጠናው ሁሉ ምርጡ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነበር። አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ የኖሩ እናት ናቸው። ፕሮጀክተሩን ሳይነኩ አንዳንድ ወረቀት አደሉን። ወረቀቱ ላይ ማንም የማያውቀው ምልክት ተደርድሯል፤ ክብ፣ መንጠቆ፣ ሦስት ማዕዘን። እያንዳንዱ ምን ድምፅ እንዳለው ከላይ ተጽፏል። «አንድ ደቂቃ አላችሁ፤ አንብቡ» አሉና ሰዓታቸውን ያዙ። ዲግሪ የጫነው መምህር ሁሉ ጣቱን ምልክቱ ሥር አድርጎ መንተባተብ ጀመረ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «በ... ራ... በራ...» ይላል፤ እንደገና ወደ ላይ ያያል፤ ሦስተኛዋ ቃል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ከአእምሮው ወጥታለች። ደቂቃው አለቀ። «ታሪኩ ስለ ምንድነው?» አሉ። ማን ይመልስ! «በሉ፣ ልጆቻችሁ በየቀኑ እንዲህ ናቸው» ብለው ወረቀቱን ሰበሰቡ። ልጁ ፊደል በመለየት ተጠምዶ ሳለ ትርጉሙን መያዣ አቅም እንደሌለው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ የመጡት ስላይዶች የተለመዱት ናቸው። ድምፅን መለየት፣ ድምፅን ከፊደል ማገናኘት፣ የቃላት ዕውቀት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ አንብቦ መረዳት። አሜሪካኖች በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትልቅ የንባብ ሪፖርት ላይ የተሰለፉ አምስት ነገሮች ናቸው። ለፈተና ካልሆነ በቀር ቁጥራቸውን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም።

ወደ ክፍል ይዤው የገባሁት የፊደሉን ቅደም ተከተል ነው። ሀ ሁ ብሎ ጀምሮ እስከ ፐ መውረድ የለም። ቶሎ ቃል የሚሠሩት ይቀድማሉ። ለ፣ መ እና በ ከነቤተሰባቸው 21 ፊደል ናቸው። በእነሱ ብቻ ላም፣ ሎሚ፣ ልብ፣ በላ፣ ሙሉ ይጻፋል። ልጁ «ሎሚ በላ» ብሎ አረፍተ ነገር ያነባል፤ ያውም ገና ገበታውን ሳይጨርስ። ከዚያ ጎን ለጎን ቅጥያው፣ ፊደሉ ላይ የምትጨመረዋ ምልክት ማለቴ ነው፣ ይታያል፦ ካዕቡ (ሉ) ወገቡ ላይ፣ ሣልሱ (ሊ) እግሩ ሥር፣ ኃምሱ (ሌ) እግሩ ሥር ቀለበት። ሩና ፉ ያፈነግጣሉ፤ ሳድሱ ደግሞ እንዳሻው ነው፤ እነሱ ለብቻቸው ይለመዳሉ። ይኼን የያዘ ልጅ አዲስ ቤት ስታስተምሩት ሰባት አዲስ ምልክት አይሆንበትም።

ችግሩ ወላጅ ነው። «ልጄ እስካሁን ሀ ሁን አልቆጠረም፣ ምን እያስተማራችሁ ነው?» ብለው የመጡ እናት ነበሩ። ልጃቸውን ጠርቼ «ላሜ» የሚለውን አስነበብኩት። እሳቸው ግን «ቢሆንም ሀ ሁን ይወቅ እንጂ» ብለው ነው የሄዱት። ስልጠናው ለዚህ ምንም አላዘጋጀንም።

በድሮው የቄስ ትምህርት ላይ የተናገሩትም አልተዋጠልኝም። ስላይዱ «ሽምደዳ» ብሎ በአንድ ቃል ነው ያለፈው። እጄን አውጥቼ አቡጊዳስ ምንድነው አልኩ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ሰያፍ የሚሄደው ገበታ ልጁ በዜማ እየሸወደ እንዳያልፍ ይይዘዋል። የኔታም ቢሆኑ ልጁን ለብቻው ፊታቸው አስቀምጠው፣ በስንደዶ እየጠቆሙ፣ ፊደሉን መለየቱን አይተው ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ የሚያሻግሩት። በቡድን እያስጮህን የምናልፈው እኛ ነን። አሰልጣኟ ሳቁና «ልክ ነሽ ልጄ፣ ስላይዱን እኔ አልሠራሁትም» አሉ።

ስላይዱን የሠራው ሰው አማርኛ አስተምሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ቆርኪ ታደለን። ቃል ይጠራል፤ በሰማችሁት ድምፅ ልክ ቆርኪ ወደፊት ትገፋላችሁ። «ላም» ተባለ። ግማሹ አዳራሽ ሁለት ገፋ፣ ግማሹ ሦስት። መልሱ ሦስት ነው ተባለ፤ ል፣ ኣ፣ ም። እሺ፣ በድምፅ ቆጠራ ሦስት ነው። ግን የስድስት ዓመት ልጅ መጽሐፉ ላይ የሚያየው ሁለት ፊደል ነው፤ ላን ለሁለት የሚከፍልበት ምክንያት አይታየውም። እኔ ክፍሌ ውስጥ መጀመሪያ በፊደል ልክ ነው የማስገፋው። መክፈሉ የሚመጣው ቅጥያውን ሲለዩ ነው፤ ያኔ ለና ሉ ምን እንደሚጋሩ ራሳቸው ይሰሙታል። በአፋን ኦሮሞ የምታስተምር ባልደረባ አብራን ነበረች። በቁቤ «ላፋ» አራት ፊደል፣ አራት ድምፅ ነው፤ ልምምዱ ለእሷ እንደ ልክ ልብስ ነበር። «ያከበዳችሁት እናንተ ናችሁ» እያለች ስትስቅብን ዋለች።

የእኛ ዋና ጣጣ ደግሞ ጨርሶ አልተነሳም። ማጥበቅና ማላላት ማለቴ ነው። ቁቤ ሲጠብቅ ፊደሉን ይደግማል፤ እኛ አንጽፈውም። ልጁ «አለ»ን ሲያገኝ ተናገረ ይሁን ኖረ የሚነግረው አረፍተ ነገሩ ነው። «ዋና»ም እንዲሁ፤ «ገና»ም እንዲሁ። ልጁ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ በምንቆጥርበት የአንድ ደቂቃ ምዘና ላይ፣ የሚጠብቀውን አላልቶ ያነበበውን ልጅ ተሳስቷል እንበለው? ጠየቅን። «በመምህሩ ውሳኔ» ተባለ። ይኼ መልስ አይደለም።

የተባዛው ወረቀትም ያሳዝናል። የፊደል ገበታው ፎቶኮፒ በጣም ስለደበዘዘ ከሸ፣ ከቸ እና ከኘ ላይ ያለችው ሰረዝ ጠፍታለች። ሰና ሸን እንዴት እናለያይ እያሉ የሚያሰለጥኑበት ወረቀት ላይ!

ሆኖም የማስተማር ልምምዱ ይህን ሁሉ ይክሳል። እያንዳንዱ ሰው ወጥቶ አጭር ትምህርት ያስተምራል፤ ሌላው ተማሪ ይሆናል። አካሄዱ ሦስት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ አብረን፣ በመጨረሻ እናንተ። ቀላል ይመስላል። ግን ከ«እኔ» ወደ «አብረን» ለመሻገር ስንቱ መምህር እንደሚቸገር አይታችሁ ትስቃላችሁ። ማይክ እንደያዘ የሚቀር ሰው አለ። ተማሪ የሆኑትም ሥራቸውን ያውቁበታል፤ አንዱ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት!» እያለ ያቋርጣል፣ አንዷ የጎረቤቷን እርሳስ ትቀማለች። ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ ሌላ መምህር ሳስተምር አይቶኝ አስተያየት የሰጠኝ ከኮሌጅ ከወጣሁ ወዲህ እዚያ ነው።

ለእኔ ነጥብ ያሰጠው ግን ከመስከረም በኋላ የመጣው ክትትል ነው። አሰልጣኟ ክፍሌ መጥተው የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ቼክሊስት አልያዙም። የዴስኮቹን አቀማመጥ ደብተራቸው ላይ ሥለው፣ አንድ ልጅ ብቻውን ባነበበ ቁጥር በቦታው ላይ ጭረት ያደርጋሉ። ሲጨርሱ አሳዩኝ። ፊት ለፊት ያሉት ዴስኮች ጭረት በጭረት ናቸው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ረድፍ ባዶ። «እነዚህ ዛሬ አላነበቡም» አሉ፤ ሌላ ንግግር አልጨመሩም። አሁን በየቀኑ ከመስኮቱ ረድፍ ነው የምጀምረው። እንዲህ ያለ ክትትል የሌለው ስልጠና ቢጋብዟችሁ ለአበሉ ካልሆነ አትድከሙ።

ክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ ለሆነባችሁ አንድ ነገር። ሁሉንም ልጅ በአንድ ደቂቃ ምዘና አንድ ቀን ልጨርስ ብትሉ ክፍለ ጊዜው አይበቃም፣ ክፍሉም ገበያ ይሆናል። በቀን ጥቂት ልጆችን፣ ሌሎቹ ሲጽፉ፣ እያዞሩ መመዘን ያስኬዳል። ይኼን የነገረችኝ አሰልጣኟ ሳትሆን በሻይ ሰዓት ያገኘኋት የግል ትምህርት ቤት መምህርት ናት።

ከቻላችሁ ርዕሰ መምህራችሁን ጎትታችሁ ውሰዱ። በየቀኑ የንባብ ሰዓት ይኑር ተብላችሁ ትመለሱና፣ ያልሰለጠነው ሰው ያንኑ ሰዓት ለስብሰባ ይወስድባችኋል። የመማሪያ መጽሐፉንና የመምህሩን መምሪያም ከቤት ያዙ፤ እዚያ የሚታደለው ለሦስት ሰው አንድ ነው።