ሞተሯ ሞቆ የጠበቀቻችሁን አሮጌ መኪና አትግዙ

አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። «ሞተሯ ሙሉ በሙሉ ታድሷል፣ ቁልፍ ተቀብሎ መንዳት ብቻ ነው» ተብለው የሚሸጡ መኪኖች አሉ። ቀለማቸው ያብረቀርቃል፣ ሞተራቸው ታጥቦ ዘይት የነካው አይመስልም፣ ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ይነሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጓርኒሲዮናቸው (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የተቃጠለ፣ ቴስታታቸው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በሙቀት የተጣመመ፣ ጉዳቱም ለአንድ ሰዓት ሙከራ ብቻ እንዳይታይ ተደርጎ የተሸፈነ ይገኙባቸዋል። አንዷ በእጄ ገብታ ስላለፈች የምጽፈው ያየሁትን ነው።

አሮጌ መኪና ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዋ መኪናዬ ከእኔ ብዙም የማታንስ ነበረች። ጠዋት ቾኳን ስቤ፣ ነዳጅ ረገጥ አድርጌ እጠብቃታለሁ፤ እምቢ ካለች ካንዴላዎቿን ፈትቼ በብረት ብሩሽ እጠርጋለሁ። የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፣ የዝናብ መጥረጊያዋ ዝናቡ ሲበረታ መሀል መስታወት ላይ ይቆማል። ባትሪዋ ስለማያስተማምን ሁልጊዜ የማቆማት ቁልቁለት ላይ ነበር፤ በሁለተኛ ማርሽ አንደርድሬ አስነሳታለሁ። ሜዳ ላይ ከቆመች ደግሞ መንገደኛው ሳይጠራ መጥቶ ይገፋል። በዚያች መኪና የተዋወቅኳቸው፣ ዛሬም ድረስ የምንጠያየቅ ሰዎች አሉ። ስብሰባ አርፍጄባታለሁ፣ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ቆሜባታለሁ፣ በንዴት በሯን ወርውሬ ዘግቻለሁ። ግን ስትታመም ታሳውቃለች። ፍሪሲዮኗ ሊያልቅ ሲል ዳገት ላይ ሞተሯ እየጮኸ ጉልበቱ ጎማ ላይ አይደርስም፤ ዲናሞዋ ሲደክም የፊት መብራቷ ይደበዝዛል። የሸጠልኝ ሰውም አጠገቤ ተቀምጦ ጉድለቷን አንድ በአንድ ነግሮኝ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሶ ነው ያስረከበኝ። ያንን ሰው እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ሁለተኛዋን የሸጠልኝ እንዲህ አላደረገም። ላያት ስሄድ ሞተሯ ሞቆ ጠበቀኝ፤ «አሁን ከመንገድ መግባቴ ነው» አለ። ሙከራው ላይ የሙቀት መርፌዋ ከታች ንቅንቅ አላለም። ከገዛኋት በኋላ ግን የመጀመሪያው ረጅም ዳገት ላይ መርፌው ቀዩን ነካ፣ ከጭስ ማውጫዋም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ይንቦለቦል ጀመር። ጋራዥ ስትፈታ ቴርሞስታቷ ከቦታው ወጥቷል፣ ራዲያተሯ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ኬሚካል ተጨምሮ ደለል ሠርቷል፣ ክሩስኮቱ (መሪው ፊት ያለው የመለኪያና የመብራት ሰሌዳ) ውስጥ ደግሞ የዘይት ግፊት መብራቱ አምፖል ተነቅሏል። አምፖል በራሱ ተነቅሎ አይወጣም። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፣ ማታለል ነው። ሻጩን ስደውልለት «ስሸጥልህ ደህና ነበረች» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ቴርሞስታት ለምን ይወጣል? ሥራው ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ መዝጋት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ80 እና በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መከፈት ይጀምራል። ሲወጣ ውሃው ያለማቋረጥ ስለሚዞር አጭር መንገድ ላይ የሚግለው ሞተር እንኳ ቀዝቃዛ መስሎ ይታያል። ጓርኒሲዮኑ የሚገኘው በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው መካከል ሲሆን የቃጠሎውን ግፊት፣ ዘይቱንና ውሃውን እንዳይገናኙ ለይቶ ይይዛል። እሱ ከተበላሸ ውሃ ዘይት ውስጥ፣ ጋዝ ውሃ ውስጥ ይገባል። አሉሚኒየም ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል፤ ተልጎ ይስተካከላል፣ ግን ከተወሰነ ውፍረት በታች ከወረደ መጣል ነው።

ስለዚህ መኪናዋን ለማየት ቀጠሮ ስትይዙ ሻጩን «ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በሉት። እንደደረሳችሁ ኮፈኑን ከፍታችሁ በሞተሩ ላይ እጃችሁን ጠጋ አድርጉ። ሙቀት ካለው የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት ስለማይቻል ሌላ ቀን ቅጠሩ። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ውሃው ላይ የዘይት ዓይን ወይም ዝቃጭ አለ? ሞተሩ ተነስቶ ውሃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከፈላ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ። በሞቀ ሞተር ላይ ይህን ክዳን ፈጽሞ አትንኩት፤ ግፊት ስላለበት የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። የሞተር ዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ቅባት ካለም ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ በብርድ ወራት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ላይ ግን ትንሽ ቢታይ ጤዛ ሊሆን ስለሚችል ሌሎቹን ምልክቶች አብራችሁ እዩ። የድሮዋ ቮልስዋገን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 የተመረተችው፣ በአየር ስለምትቀዘቅዝ ራዲያተርም የላትም፤ እሷን የምትገዙ ዘይቷ ላይ አተኩሩ።

ጭሱን ልብ በሉ። በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት አያሳስብም። ሞተሩ ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ካለ ውሃ ቃጠሎው ውስጥ ገብቶ እየተነነ ነው፤ ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሱም ክሩስኮቱን እዩ፤ የዘይትና የባትሪ መብራት መብራት አለባቸው። ካልበሩ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ቀለሙን በተመለከተ ትንሽ ማግኔት ይበቃል፤ የብረት አካሏ ላይ የማይጣበቅበት ቦታ ካለ ሥሩ ስቱኮ (ጉዳት መሙያ ልስን) ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ውሉ ነው። በአፍ «ታድሷል» ይባላል፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል። እውነት ሞተር የታደሰላት መኪና የፒስተን፣ የብሮንዚናና የጓርኒሲዮን ደረሰኝ አላት፤ የሠራው ጋራዥም ይታወቃል። ደረሰኙን ጠይቁ፣ «ታድሷል» የሚለውም ውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ በሉ። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ቀብድ ካላስያዝክ ትሄዳለች» ካላችሁ ትሂድ። የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ረጅም ዳገት ሳትነዷት ብር አትቁጠሩ።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ መርፌው ቀዩን እየነካ ከሆነ ደግሞ «እስከ ጋራዥ ትድረስልኝ» ብላችሁ አትንዷት። ቁሙ፣ አጥፏት፣ አስጎትቷት። ጋራዥ ስትደርስ ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለኩ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ልኬታቸው አንድ ላይ ዝቅ ካለ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ያልነበረው ቴርሞስታትና የተነቀለው አምፖል ከመተካታቸው በፊት ቦታቸውን በቀኑ ፎቶ አንሱ፣ መካኒኩም ያገኘውን ጽፎ ይፈርምላችሁ።