ሲስተር፣ የልጄን ዓይን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ።

ልጄ ደሴ ነው የተወለደችው። በ29 ሳምንቷ፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ሆና። ኦክስጅን ላይ ቆየች፤ ከዚያ ደረቴ ላይ በነጠላ ታስራ ከረመች። በ24ኛው ቀን ሐይቅ ከተማ ወዳለው ቤታችን ልንሄድ ስንል ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች አንዷ የቀጠሮ ካርዳችን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የዓይን ምርመራ» ብላ ጻፈች። ቀኑን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

«ዓይኗ ምን ሆነ?» አልኳት። ጥርት ያለ ዓይን ነው።

«ነገሩ ያለው ከኋላ ነው» አለችኝ። የጓንት ካርቶን ቀደደችና ክብ ሣለች። ውስጡ እንደ ዱባ ሐረግ የሚዘረጋ መስመር። የሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ደም ሥሮች ማደግ የሚጀምሩት በእርግዝናው 16ኛ ሳምንት አካባቢ ነው፤ ጫፍ የሚደርሱት ልጁ ሊወለድ ሲቃረብ ነው። «ያንቺ ልጅ ስትወለድ ሐረጉ ገና መንገድ ላይ ነበር» አለችኝ። ልጅ ያለጊዜው ሲወለድ የደም ሥሮቹ እድገት ይቆማል። ኦክስጅን ሲበዛ ደግሞ ይብስበታል፤ መጠኑን ሲለኩ የሚውሉት ለዚህ ነው። ከሳምንታት በኋላ ደም ያልደረሰው የሬቲና ክፍል አዲስ ደም ሥር ይጠራል። የሚመጣው ግን ደካማና የተዘበራረቀ ነው። ይደማል፤ ሬቲናውን ጎትቶ ሊያላቅቀውም ይችላል። ከ1 ኪሎ ተኩል በታች ሆኖ ወይም ከ30 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ በ4ኛው ሳምንት አካባቢ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ቤት ስንገባ አማቴ «አራስ አርባ ሳትሞላ ደጅ አትወጣም» አሉ። አንድ ክሊኒክም «ዓይኗ ንጹህ ነው፣ ስታድግ ትታያለች» አለን። ልቀር ነበር። በዋዜማው ሲስተር ደወለች። ስልኩን ለአማቴ ስጪልኝ አለች። «እማማ፣ አብሽሩ። እኔው በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ» አለቻቸው። ጠዋት 2 ሰዓት ስንደርስ እውነትም በሩ ላይ ቆማለች። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ሲገባላት ልጄ አለቀሰች፤ ሲስተር ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ እስኪያልቅ አልተነሳችም።

መጀመሪያ ሕመሙ ቀላል ነው ተባለ። በ2 ሳምንት ተመለሱ ተባልን። በ3ኛው ምርመራ ሐኪሙ «አሁን አይዘገይም» አሉ። አዲስ አበባ ተላክን፤ በ3 ቀን ውስጥ ዓይኗ በሌዘር ጨረር ታከመ። በነዚህ ሁሉ ቀጠሮዎች ዋዜማ ሲስተር ሳትደውል የቀረችበት የለም። ደመወዝ የሚከፈላት ለዚህ አይደለም።

አሁን ልጄ ታያለች። መነጽር አላት፣ የሩቁን ያለሱ አታይም። የዓይን ሐኪሟ እንዳስረዱኝ፣ ብዙ ጊዜ ሩቅ ማየት የሚከለክለው የዓይን ኳስ መርዘም ነው። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ግን ችግሩ ከፊት ለፊት ሊሆን ይችላል፤ ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ የበለጠ ይጎብጣል፣ ሌንሱ ይወፍራል። ስለዚህ ሌዘሩ ካለፈም በኋላ በየዓመቱ እናስመረምራታለን። ባለፈው ሐይቁ ዳር ቆማ «እማ፣ ወፎቹ እግር አላቸው» አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ኩታበር፣ የትም ሁኑ፤ የሰባት ወር ልጅ ወልዳችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ሲስተር ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ስልኳን ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ግን ፈቅዳልኛለች። ስትሄዱ የመውጫ ወረቀታችሁን ያዙ፤ የተወለደበትን ሳምንትና ኪሎውን መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሷ ናት።

ሲስተር፣ አላህ የልጆችሽን ዓይን ይጠብቅልሽ።