«የኤልኤምአይኤ (የካናዳ የቅጥር ፈቃድ) ክፈሉ» ለሚሏችሁ አንድ ብር እንዳትሰጡ

የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት። ባለፈው ዓመት «የካናዳ ፕሮሰስ እንጨርሳለን» ለሚል ቢሮ በሦስት ጊዜ 420 ሺህ ብር ከፈለች። ቢሮው ዛሬ ተዘግቷል፤ ስልኩም አይነሳም። ይህን የምጽፈው በእርሷ ፈቃድ ነው። በዚያ ቢሮ ደረጃ ላይ ከእርሷ ጋር ወረፋ የያዙ ብዙዎች ነበሩ፤ ዛሬም በሌላ ቢሮ ደጃፍ የተሰለፉ አሉ።

አሠራራቸውን ልብ በሉ። መጀመሪያ «መመዝገቢያ» ብለው የጠየቋት 20 ሺህ ብቻ ነበር። ከዚያ ስድስት ሳምንት ዝም አሉ። ተስፋ ቆርጣ ገንዘቧን ልታስመልስ ስትነሳ፣ የካናዳ ባንዲራ ያለበት፣ ስሟ የተጻፈበት ደብዳቤ በቴሌግራም መጣላት፦ «ኤልኤምአይኤሽ ወጥቷል፣ 250 ሺህ አስገቢ።» አክስቴ ደብዳቤውን አሳትማ ከሥዕለ ማርያም ሥር አኖረችው። ዕቁብ ወጣ፣ ሁለት በሬ ተሸጠ። እንደገና ዝምታ። ጥርጣሬዋ ሲበረታ ቪዛ የተመታበት የሌላ ሰው ፓስፖርት ፎቶግራፍ ላኩላትና «ያንቺም ደርሷል» ብለው 150 ሺህ ተቀበሏት። የሚሸጡላት ተስፋ ነበር፤ ያውም ቆንጥረው፣ ልክ ሊያልቅባት ሲል።

ኤልኤምአይኤ የካናዳ ቀጣሪ ከውጭ ሠራተኛ ለማምጣት ከመንግሥቱ የሚያገኘው ፈቃድ ነው። የሚያመለክተው ቀጣሪው ነው፤ ለአንድ የሥራ መደብ 1,000 የካናዳ ዶላር የሚከፍለውም እርሱ ነው። ያንን ገንዘብ ከሠራተኛው ማስመለስ በአገሩ ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ማንም ይሁን ማን ይህን ክፍያ ከጠየቃችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ሠራተኛው ለመንግሥቱ የሚከፍለው ለሥራ ፈቃድ ማመልከቻ 155፣ ለጣት አሻራና ለፎቶግራፍ 85 የካናዳ ዶላር ነው፤ በኢንተርኔት በቀጥታ ለመንግሥቱ ይገባል እንጂ በግለሰብ የባንክ ሒሳብ አያልፍም።

ሌላም አለ፤ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። ካናዳ ውስጥ በነርስነት ለመሥራት የምትሄዱበት ክፍለ ሀገር የነርሶች ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለ ፈቃዱ አንድም ቀን አላነሡላትም! የትምህርት ማስረጃዋን እንኳን ገልጠው አላዩም።

«ፈቃድ አለን» ብለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ያሳዩዋችኋል። አንብቡት፤ እኛ ዘግይተን ስናነበው ተራ የንግድ ፈቃድ ነበር። በካናዳ ኢሚግሬሽን ጉዳይ ገንዘብ ተቀብሎ የሚያማክር ሰው በካናዳ የተመዘገበ የሕግ ባለሙያ ወይም «የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ» የተባለው የካናዳ ተቆጣጣሪ አካል አባል መሆን አለበት። የኮሌጁ አባላት ስም በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። የአማካሪውን ሙሉ ስም ጠይቁና ፈልጉት። ስሙን ለመናገር ካቅማማ ሌላ ማስረጃ አያሻችሁም።

የአክስቴ ልጅ አራት ወር ሙሉ ለማንም ሳትናገር ቆየች፤ አፍራ። ሌሊት ተረኛ እየሆነች ያጠራቀመችውን የተዘረፈች ሴት ምን ያሳፍራታል? ዝምታዋ ግን ለእነርሱ ጊዜ ሰጣቸው። ለፖሊስ ለማመልከት ስትነሣ የቴሌግራም መልእክቶቹ በሙሉ ከእርሷም ስልክ ጠፍተው ነበር፤ ላኪው ከሁለቱም ወገን መሰረዝ ይችላል። የተረፋት የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው። እናንተም ከፍላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ሳትደውሉላቸውና ሳትጨቃጨቋቸው በፊት እያንዳንዱን መልእክት፣ ደብዳቤውንና የስልክ ቁጥሩን ከስልካችሁ ላይ ፎቶግራፍ አንሡና ለምታምኑት ሰው ላኩ። ዛሬ ማታ አድርጉት።