የመጀመሪያ የጭነት መኪና ሥራዬን ላስገኙልኝ ለአዳማው ጋሼ

ባለፈው ወር የመጀመሪያ የሹፌርነት ደመወዜን ተቀበልኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ አንድ ቤት ሄድኩ። የቤቱ ጌታ ቡናውን ለባለቤታቸው አቀበሉና እኔን ቁጭ አድርገው መረቁኝ። ከዚያ «ለእኔ የሚሆነኝ ስጦታ ሌላ ነው። እንደ አንተ ፈቃድ ይዘው የሚንከራተቱ ስንት ልጆች አሉ፤ ለእነሱ ንገርልኝ» አሉኝ። ይኸው እየተናገርኩ ነው።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ሰፈሩም፣ ጎሚስታውም፣ የእህል ነጋዴውም የሚጠራቸው «ጋሼ» እያለ ነው። እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

አዳማ ውስጥ አራት ዓመት ባጃጅ ነድቻለሁ። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድ አውቀዋለሁ። ባጃጁ ግን የሰው ነው። ገቢውን ለባለቤቱ አስገብቼ የሚተርፈኝ ለልጄ ወተት እንኳ የማይበቃበት ቀን ብዙ ነበር። ስለዚህ ቆጥቤ፣ ከእህቴም ተበድሬ ማሠልጠኛ ገባሁና የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ፈቃዱን የተቀበልኩ ቀን ሥራ ያገኘሁ ነበር የመሰለኝ።

አዳማ እኮ የጭነት መኪና ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ከጅቡቲ የሚመጣውም በዚህች ከተማ ያልፋል። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው የሚሄደው በዚሁ መስመር ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ አፍንጫችን ሥር ነው። መኪናው እንደ ወንዝ ሲፈስ እያየህ ለአንተ አንድ መሪ የለም ሲሉህ በጣም ያማል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «ስንት ዓመት ነድተሃል?» አዲስ ነኝ ስል ፊታቸው ይዞራል። አንዳንዱ ሦስት ዓመት ልምድ ይላል፣ አንዳንዱ አምስት። ልምዱን የሚሰጠኝ ሳይኖር ልምድ ከየት ላምጣ? ሞጆ ላይ ያገኘኋቸው ሹፌሮች በቅንነት «ረዳት ሆነህ ጀምር» አሉኝ። ጥሩ ምክር ነው፣ እነሱም በዚያው መንገድ ነው ያለፉት። እኔ ግን ልጅ አለኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ለዓመታት ረዳት ሆኜ መቆየት አልችልም ነበር።

ከዚያ ደላሎች መጡ። አንዱ «አገናኝሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝና ስልኩን ዘጋ። ሌላው ደግሞ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ወረቀት፣ ከነማኅተሙ፣ ሊያሠራልኝ ዋጋ ነገረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ይሄንን ልገዛው ነበር። ግማሹን ብር አዘጋጅቼ ነበር። ለምን እንዳልገዛሁት በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደ ወለንጪቲ በሚያስወጣው መንገድ ላይ የባጃጄን ጎማ የሚጠግንልኝ አንድ ጎሚስታ አለ። አንድ ቀን ጭንቀቴን ሳወራለት ሥራውን ሳያቆም «ጋሼን ለምን አታናግራቸውም?» አለኝ። እዚያው አጠገቡ አንዲት አሮጌ ኤፍኤስአር፣ አይሱዙ የጭነት መኪና፣ ቆማ ነበር። አሮጌ ብትሆንም ቸርኬዋ ሳይቀር ታጥቦ ያበራል። የእሳቸው ናት።

ጋሼ ሥራውን የጀመሩት በልጅነታቸው፣ በድሮው ፊያት ላይ በረዳትነት ነው። በዚያን ጊዜ መስመሩ ወደ አሰብ ነበር። በ1990 ጦርነቱ ሲመጣ መስመሩ ተዘግቶ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እሳቸውም ዞሩ። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ገላፊ እያሉ ሲቆጥሩ የልጆቻቸውን ስም የሚጠሩ ነው የሚመስለው። ጉልበታቸው ሲታመም ረጅሙን መስመር ትተው ይህችን መኪና ገዙ። አሁን ከአርሲ ስንዴ ወደ አዳማ ያመላልሳሉ። አብሯቸው ደግሞ ፈቃድ ያለው፣ ልምድ የሌለው አንድ ልጅ ይዘው ይወጣሉ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ዓመት እንደነዳሁ አልነበረም። መንጃ ፈቃዴን ተቀብለው ገልብጠው አዩትና «ከመኪና ሥር ገብተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ነገ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ና፤ የሚቆሽሽ ልብስ ልበስ።»

በማግስቱ አንድ ሜትር እንኳ አልነዳሁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪናዋን ዞርን። የዘይት መለኪያውን ማውጣት፣ ጠርጎ መልሶ ማየት። የራዲያተር ውሃ። ቺንጊያ። የፍሬን ቱቦዎቹን በእጅ እየዳሰሱ መሄድ። ከአየር ታንኩ ያደረውን ውሃ ማስወጣት። የጎማ ብሎኖቹ ዙሪያ የዝገት መስመር ካየህ ብሎኑ ላልቷል ማለት እንደሆነ ያሳዩኝ ያኔ ነው። ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን አሰሙኝ። ጥሩ ነፋስ ያለው ጎማ ብረቱን መልሶ ያነጥረዋል፣ የጎደለው ደፍ ይላል። የኋላዎቹ ጥንድ ጎማዎች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ስለሚሸከመው በዓይን አታየውም። በብረት ካልመታኸው የምታውቀው ሲፈነዳ ነው። ማሠልጠኛ ይህን ማንም አላሳየኝም።

በቀጣዮቹ ቀናት ባዶዋን መኪና ሜዳ ላይ ወደ ኋላ ማስገባት ለመድኩ። ሁለት ጀሪካን አቁመው በመሀላቸው ግባ ይሉኛል። በስፔኪዮ ብቻ ነው፣ አንገት አውጥቶ ማየት የለም። ባጃጅ ሆኜ በትልቅ መኪና ጎን እየተሽሎኮሎክኩ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ያሰብኩት እዚያ ካቢና ውስጥ ነው። ሹፌሩ ጨርሶ አያየኝም ነበር።

ከዚያ ጭነት መጣ። ጊዜው ጥር ነው፣ የስንዴ ወቅት። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ዝቅ ያለች ናት፣ አሰላ ደጋ። ስትሄድ ባዶህን ትወጣለህ፣ ስትመለስ ተጭነህ ትወርዳለህ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባዶ መኪና የነዳ ሰው መኪና ነድቷል ለማለት አልደፍርም አሁን። ኩንታሎቹ ከላይ ሲደረደሩ መኪናዋ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። መሪው ይከብዳል። ፍሬን ስትረግጥ ወዲያው አትቆምም፣ ትገፋሃለች።

ተጭነን ስንመለስ ኢተያን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ልቤ ይመታ ነበር። እንደለመድኩት በትልቅ ማርሽ ገባሁና ፍሬን እየረገጥኩ መውረድ ጀመርኩ። ጋሼ አልጮሁብኝም። «ዳር ያዝ» አሉኝ። ቆምን። ወርጄ ወደ ኋላ ጎማው እንድጠጋ አደረጉኝ። የሚቃጠል ጎማ የሚመስል ሽታ አለው፣ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። «ይኼ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ፍሬን ሲግል ይደክማል። ሲደክም ብትረግጠውም አይሰማህም። ስለዚህ መኪናዋን የሚይዛት ሞተሩ ይሁን፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው። ልትወጣው በምትችልበት ማርሽ ውረደው፤ ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንስ» አሉኝ።

እስኪበርድ ቆይተን እንደገና ወረድን። በትንሽ ማርሽ፣ የሞተር ፍሬኑን ከፍቼ፣ ዋናውን ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ ነካ እያደረግኩ። ከኋላችን የሚመጡት ጥሩምባ ይነፋሉ። ጋሼ «ይንፉ» ይላሉ። ዴራ ስንደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መኪናዋ ግን ቀዝቃዛ ናት። ናፍጣ ቆጥባለሁ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁለት የሚለቅ ሹፌር አለ። ያንን ሰው ያኔ ባገኘው እጁን ይዤ የጎማዋን ሙቀት ባስነካው ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ወረቀቱ የነገርኳቸው በዚያ ቀን ነው። ዴራ ሻይ እየጠጣን፣ አንድ ሰው የልምድ ማስረጃ ሊያሠራልኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ወረቀቱ መኪናውን ያስይዝህ ይሆናል። ኢተያ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን አይሆንህም። ደግሞ መንገድ ላይ አንተ ብቻህን አይደለህም፤ ጋሪው አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን አለ» አሉኝ። ብሩን ለእህቴ መለስኩላት።

በምትኩ ጋሼ አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሄድንበትን ሁሉ ይጽፉ ጀመር። ቀኑን፣ ከየት ወደ የት፣ ስንት ኩንታል፣ የትኛውን ክፍል እኔ እንደነዳሁ። ጥፋቴንም ይጽፋሉ። «ዳገት ላይ ማርሽ አምልጦታል።» «ሸራውን አላልቶ አስሯል፣ ንፋስ ገልቦታል፣ ቆሞ አስተካክሏል።» የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ ከከተማው በላይ ያሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚያ አልተተከሉም። ከየጽሑፉ ሥር ሁለታችንም እንፈርማለን። አስራ አራት ጉዞ ሞላ።

በመጨረሻ ደብተሩን ይዘው አንድ የእህል ነጋዴ ጋ ወሰዱኝ። ሰውዬው ሁለት ኤፍኤስአር አለው። እሱም እንደ ሌሎቹ «ስንት ዓመት ነድቷል?» አለ። ጋሼ «ዓመት የለውም። አስራ አራት ጉዞ አለው፣ አንብበው» አሉ። ነጋዴው መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። ማርሽ ያመለጠኝን ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። «ሌላው ሹፌር ሁሉ አጥፍቼ አላውቅም ነው የሚለኝ» አለና ደብተሩን ዘጋው። ተያዥ ጠየቀ። የእህቴ ባል ተያዥ ሆነልኝ። የመጀመሪያውን ወር ከነባሩ ሹፌር ጋር እየወጣሁ ሠራሁ፣ ከዚያ መኪናውን ለብቻዬ አስረከበኝ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። ባለ መኪናው «ልምድ» ሲል ዓመት መቁጠሩ ብቻ አይደለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የወጣበትን ንብረት፣ በላዩ ላይ የሰው እህል ጭኖ፣ ለማያውቀው ልጅ ቁልፍ ሊሰጥ ነው። ስለ አንተ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ነው የሚፈልገው። ጋሼ ለእኔ ያንን ሰው ሆኑልኝ። ያልሆንኩትን ሳይጨምሩ ሆኑልኝ።

እትዬን ሳላመሰግን አላልፍም። የጋሼ ባለቤት ናቸው። በዚያ ሁሉ ንጋት ሻይ በፔርሙዝ፣ ትኩስ አንባሻ በፌስታል ሳይሰጡን የወጣንበት ቀን የለም። ጎሚስታውንም አመሰግናለሁ፤ አንዲት ቃል ተናገረልኝ፣ ሕይወቴን ለወጠች።

አዲስ ፈቃድ አውጥታችሁ ለምትንከራተቱ ልንገራችሁ። ጋሼ ጠንካራ ሰው ናቸው። አስራ አንድ ሰዓት ካሉ አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ አንድ ልጅ በሩብ ሰዓት ዘግይቶ ሲመለስ አይቻለሁ። ጫት የሚቅም ወይም መጠጥ የሚሸት ሰው ካቢናቸው ውስጥ አይገባም፣ በዚህ ድርድር የለም። ነጠላ ጫማ አይፈቅዱም። በአንድ ጊዜ የሚይዙት አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ነው፣ ስለዚህ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። የሚያለማምዱት በኤፍኤስአር ብቻ ነው። ተሳቢ የሚፈልግ ሰው ከእሳቸው ጋር መሠረቱን ይይዛል እንጂ ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ለእሱ ወደ ቀድሞ ባልደረቦቻቸው ይልካሉ። ለናፍጣ የምታግዙበት ትንሽ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ የናፍጣ ዋጋ ስለሚለዋወጥ መጠኑን አልጽፍም። ለማገናኘት፣ ለምስክርነት ብለው ግን አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። ይህን በእጃቸው ላይ ላስቀምጥ ሞክሬ መልሰውልኛል።

ሥራ እናገኝላችኋለን ብሎ ቃል መግባትም የላቸውም። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ደብተሩ ሲሞላ ጋሼ «ገና ነህ» ብለው ሌላ ስድስት ጉዞ ጨምረውበታል። መጀመሪያ ተከፍቶ ነበር፣ አሁን አሰላ መስመር ላይ ስንገናኝ መብራት እያበራልኝ ያልፋል።

የሚፈልጋቸው ሰው ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ መውጫ ያሉትን ጎሚስታዎች «ጋሼ ባለ ኤፍኤስአር» ብሎ ይጠይቅ። እሑድ አይሠሩም። በሌላው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰዓት ጀምሮ መኪናዋን ሲያጥቡ ታገኟቸዋላችሁ። መንጃ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ትናንት ሰማንያ ኩንታል ጭኜ ኢተያን በትንሽ ማርሽ ወረድኩ። ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ። ይንፉ አልኩ። ዴራ ስደርስ ወርጄ ጎማውን በእጄ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።